ዴቢት በግራ በኩል

ሦስት ሐኪሞች ሆነው ቀኜን ገለበጡት፣
እንደ ገበያ በግ ዳብሰው ተመኑት፤
ከዚያም ማኅተም መትተው፣ ቃል ሳያባክኑ፣
«ከመቶ አርባ አምስት እጅ ጎድሏታል» ሲሉ በየኑ።
እኔ መች ነበረኝ ከሁለት እጅ በላይ?
ልል ነበር፤ ሳቄ ግን ቀረ ጉሮሮዬ ላይ።

የጨርቃ ጨርቁ ማሽን ሌሊት ነው የያዘኝ፣
ሦስተኛው ፈረቃ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክር የቀጠልኩለት፣
አውራ ጣቴ ተርፎኝ አራቱ ቀሩለት።
ጥሩዘር ናት ሮጣ ሞተሩን ያጠፋች፣
በነጠላ ጠቅልላ አዝላኝ የወጣች።
ጨርቁ ግን አላዘነም፤ በነጋታው ጧት
ቀይ የነካውን ያህል ለክተው ቆረጡት፤
አሥራ አንድ ሜትር ነው። ሰፍሯል በመዝገብ
«ብልሽት» ከሚል ዓምድ ሥር፤
አትጠገብ የሚል ስም የለም ባጠገብ።

አሁን ተማሪ ነኝ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ፣
የልጄ እኩዮች ናቸው ከኋላ ከፊቴ።
ዴስኩ ጉልበቴን ይዞ አላስቀምጥ ይላል፣
መምህሩ አንሙት «እትዬ» ብሎኝ ያፍራል፤
ዕድሜው የማሽኔን ያህል አይሆንም ስገምት።
ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ በጠመኔ ምልክት
እንደ ሚዛን ያለ መስመር አቆመና፣
«ዴቢት በግራ በኩል፣ ክሬዲት በቀኝ ነው፤ ልብ በሉ እንደገና፤
ሁለቱ ድምሮች እኩል ካልመጡ
አንድ ሰው ዋሽቷል ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ አምጡ።»

ግራ ሲል ደነገጥኩ።

ቁንዝላ ሳለሁ፣ ልጅ፣ ከሐይቁ ባሻገር፣
ግራዬ ነበረች የምትቀድም ለነገር፤
ከሰል ይዛ ግድግዳ ላይ ይብራ ስትስል
እናቴ አየቻት፤ «ምነው?» ሳትል፣ «ለምን?» ሳትል
መቀነቷን ፈትታ ከጎኔ ጠፈረቻት፣
«በግራ የጎረሰ አይጠግብም» አለቻት።
ሦስት ክረምት ታሰረች። ቀኜ ተሾመበት።
ስትፈታ ዝም አለች፤ እንደ እንጀራ ልጅ በቤት
የክሩን ጫፍ ይዛ፣ ሌላ ሳትጠየቅ
ኖረች ከጎኔ፣ ሳትከፋ፣ ሳትስቅ።

እርሳስ ያስያዝኳት ቀን አራት ስጽፍ ዘመመ፣
ስምንቷ ወደቀች፣ መስመሩም ታመመ።
የጻፈችውን ኋላ መዳፏ ይጠርገዋል፣
ሰማያዊ ቀለም ትንሽ ጣቷን ወርሶታል።
ሌሊቱን ቁጥር ጻፍን፣ መብራት ሲሄድ በሻማ፤
አንዴም «እምቢ» አላለች፣ የታሰረችበትን ሳታነሣ፣ ሳታማ።
ሲነጋ ግን፣ ሳላዛት፣ በደብተሩ ጥግ
ያንኑ ይብራ ሳለች። እኔስ ምን ላድርግ?

ለልምምድ የላኩኝ ዓሣ አስጋሪ ማኅበር፣
ጣና ዳር ነው፣ ጀልባ ከሚታሰርበት በር፤
ቀረሶ በኪሎ፣ አምባዛ በኪሎ፣
እምቦጭ መረቡን የበላበት ሰው ዕዳው ተከፋፍሎ፤
እጽፋለሁ።
ትናንት አያ ደምለው ሒሳቡን ሊወስድ ቆመ፣
ብሩን በግራ ብሰጠው ፊቱ ጨለመ፤
ቀኜን ጠበቀ፣ ዝም ብሎ፣ እንደ ወጉ።
ነጠላዬን ገለጥኩ፤ ዓይኖቹ አፈገፈጉ።
ከዚያ የቀዛፊ ቀኙን ሰብስቦ ወደ ኋላው፣
ግራውን ዘረጋ፤ በግራው ተቀበለው።
«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ፣
ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ወደ ጀልባው ዞረ።

ሲመሽ ደመርኩት፤ ግራና ቀኝ አልገጠመም፣
አሥራ አንድ ብር ጎድሏል፤ የት እንደገባ አይታወቅም።
ሦስቴ ቆጠርኩ። ሐይቁ ጠቁሯል፣
ጥበቃው በር ሊዘጋ ቁልፍ ያንቃጭላል።
ነገ እፈልጋለሁ። ያኔም አሥራ አንድ ነበር፣ ሜትሩ፤
ይህኛው ግን ስም አለው፤ ፈርሜያለሁ ከሥሩ፣
በግራዬ፣ አትጠገብ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ
መዳፌ አልፎበታል፤ ቢሆንም አይለቅ።